ሞተር ሳይክሌን በእጃቸው ያልነኩት መካኒክ

ነገሩ ያጋጠመኝ የዛሬ ዓመት በጁላይ ወር፣ እዚሁ ቶሮንቶ ነው። ያን ሰሞን አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቼ በትርፍ ሰዓቴ እየጠገንኩ ነበር። የሚያውቁኝ ሰዎች ሁልጊዜ ስለ ሞተሯ ይጠይቁኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ የማይጠፉት፣ ሁለት እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተው አጠገቧ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ከመጀመሬ በፊት ጠባዬን ልናገር። የአንድን ነገር ምክንያት ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ በልጅነቴ "መርማሪዋ" ነበር የምትለኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። አሳንሰር ሲቆም ሰው ሁሉ እየተነጫነጨ በደረጃ ይወርዳል፤ እኔ ለምን እንደቆመ ለማየት ወደ ላይ እወጣለሁ። ወደዚህ ታሪክ የከተተኝም ይኸው ጠባዬ ነው።

የምኖረው ፍሌሚንግደን ፓርክ ካሉት ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ ነው። የምሠራው ደግሞ ስካርቦሮ፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ሺፍቴ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል። ሁለት አውቶቡስ እቀያይራለሁ፤ አንዱ ካመለጠኝ ሁለተኛውም ያመልጠኛል፤ ከዚያ የአለቃዬን ፊት ማየት ነው። መኪና እንዳልገዛ አቅሜ አይፈቅድም። ስለ ኢንሹራንሱ ሲነግሩኝማ አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ነው፤ የሞተር መንጃ ፈቃዱንም በዚያው ስፕሪንግ አወጣሁ።

የሸጠልኝ ሰው ሚሲሳጋ ያለ ቤቱን ሸጦ ሊለቅ ጋራዡን የሚያጸዳ ነበር። "የሟች ወንድሜ ናት" አለኝ። ባለ አራት ሲሊንደር ቀይ የጃፓን ሞተር ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። የቤንዚን ታንኩ ዝጓል፣ ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀዋል፣ ወንበሯን አይጥ በልቶታል። "ስትቆም ትሠራ ነበር" አለኝ፤ አሮጌ ነገር የሚሸጥ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በፒክአፑ ጭኖ አመጣልኝ፤ ሕንፃችን ምድር ቤት ያለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አስገባናት።

ባለችኝ ገንዘብ መብቃቃት ነበረብኝ። ታንኩ ውስጥ ኮምጣጤና አንድ እፍኝ ብሎን ጨምሬ እየናጥኩ ዝገቱን አስወጣሁ። ወንበሩን ላውንደሪው በጣለው ወፍራም ሸራ አለበስኩት። እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ መለስኳቸው። አዲስ የገዛሁት ጎማ፣ የፍሬን ሸራና ባትሪ ብቻ ነው፤ በእነዚህ ላይ መሰሰት በነፍስ መቀለድ ነው። ደብዛዛውን የፊት መብራት አውጥቼ በኤልኢዲ ቀየርኩት። ሽቦ መዘርጋት ድሮም ሥራዬ ስለሆነ እሱን እያፏጨሁ ነው የጨረስኩት።

የሚያጣድፈኝ ግን አንድ ማስታወቂያ ነበር። የሕንፃው አስተዳደር፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሰሌዳ ያላወጣ ማንኛውም ተሽከርካሪ ከምድር ቤቱ ተጎትቶ ይወጣል ብሎ በየአሳንሰሩ ለጠፈ። ሰሌዳ ለማግኘት ሞተሯ የደህንነት ምርመራ ማለፍ አለባት። ምርመራውን የሚሠራልኝ ጋራዥ ከወሩ መጨረሻ በፊት ባዶ የነበረው ቀን አንድ ሰኞ ብቻ ነው። በዚያ ሰኞ ካላለፈች ትጎተታለች፤ ከተጎተተች ደግሞ የማስመለሻው ክፍያ ከገዛሁበት ስለሚበልጥ አበቃ ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ካርቡሬተሮቹን ፈታሁ። ካርቡሬተር ማለት ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለኢንጂኑ የሚያቀብል ዕቃ ነው፤ የእኔዋ አራት አላት። ቆሻሻውን ስጠርግ የመጀመሪያው ጎን ላይ በሹል ነገር የተጫረ ምልክት አየሁ። እንዲሁ ጭረት መሰለኝ። ሁለተኛውንም ጠረግኩ። ከዚያ አራቱንም ደርድሬ በስልኬ መብራት አየኋቸው። ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ይላሉ።

እዚያው የሲሚንቶው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። የግዕዝ ቁጥር የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ከሚሰጠን የግድግዳ ካሌንደር ነው። ከጃፓን የመጣች፣ ሚሲሳጋ ውስጥ ተሸፍና የኖረች ሞተር ሆድ ውስጥ ማን ጻፈው? ሌላም ነገር ነበር። ቀደም ሲል አንዱ የሽቦ ቅጥያ በቴፕ ሳይሆን ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በቀጭኑ በተቆረጠ ላስቲክ ተጠምጥሞ አግኝቼው፣ "ይሄን እኛ ሰፈር ነው የማውቀው" ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ግን ነገሩ ያንገበግበኝ ጀመር። ሥራዬን ትቼ ሚሲሳጋ ደወልኩ።

ሰውዬው ብዙ አያውቅም። "ወንድሜ የገዛት ከኤግሊንተን ዌስት ነው፤ ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ ሞተር ከሚጠግን ሰው" አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ። ኤግሊንተን መንገድ ለባቡር ሥራ ለዓመታት ሲቆፈር ከርሞ ብዙ ሱቅ ተዘግቷል፤ ሦስተኛው ፀጉር ቤት ስገባ አንድ ሽማግሌ ጃማይካዊ ፀጉር አስተካካይ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው።

"ይሄ የዲያቆኑ ጽሑፍ ነው" አለኝ። "ዲያቆን የምንለው በቅዱሳን ቀን አልሠራም ስለሚል ነው። ቅዱሳናችሁ ደግሞ ብዙ ናቸው። እዚህ ጓሮ ነበር የሚሠራው። እንደሱ ያለ እጅ አላየሁም። አንድ ቀን ዘጋና ሄደ። ፀጉሩን ግን እስከ ዛሬ እኔ ነኝ የምቆርጠው።" ፈቃዳቸውን ሳይጠይቅ ቁጥራቸውን መስጠት ስለማይሆን የእኔን ወሰደ።

ማታውኑ ስልኬ ጮኸ። "ካርቡሬተሩን የከፈትሽው ልጅ አንቺ ነሽ?" አሉኝ፤ ረጋ ያለ የሽማግሌ ድምፅ ነው። ነኝ አልኳቸው። "ቀይ ናት?" አዎ አልኩ። "መቼ ልምጣ?" አሉኝ።

ጋሽ ተሰማ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰባውን አልፏል፤ ቀጥ ያሉ ረጅም ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ፣ ከዚያ መርካቶ መካኒክ፣ በኋላ በሱዳን በኩል የወጡ ስደተኛ። እዚህ መጀመሪያ ሞተር ይጠግኑ ነበር፤ ከዚያ ጡረታ እስኪወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዱ። ሞተሯን ለራሳቸው ከወዳደቀ ዕቃ አሟልተው የሠሯት ናት። በሐምሌ ሙቀት ኮት ለብሰው፣ ከስካርቦሮ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው መጡልኝ።

ምድር ቤት ስንደርስ ሞተሯን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩ። እጃቸውን ግን ከኪሳቸው አላወጡም። ካቻቪቴ ብዘረጋላቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። "አንቺው ያዢው" አሉኝ።

ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ መሰለኝ። ቱታ ላመጣልዎት ብላቸው አይ አሉ። ከዚያ ሥራ ጀመርን፤ እሳቸው በአፍ፣ እኔ በእጅ። "እሱን አታጥብቂው፣ ይሰበራል። ግራውን አስቀድሚ። ጎሚኒውን በዘይት አርሺው።" ብሎኑ የት እንዳለ ሳያጎነብሱ ያውቃሉ። እኔ በሁለት ሳምንት ያልገባኝን በአንድ ከሰዓት አስጨረሱኝ።

ኢንጂኑን ምድር ቤት ማስነሳት ስለማይቻል፣ ለማስነሳት ስንፈልግ ሞተሯን በአቀበቱ ገፍተን ከሕንፃው ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ማውጣት አለብን። ገፍተን አልኩ እንጂ የምገፋው እኔ ነኝ። ጋሽ ተሰማ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በጎኔ ይራመዳሉ፤ "አይዞሽ፣ ግፊ፣ ትንሽ ቀረሽ" ይሉኛል። አንድ ቀን የፓኪስታን ሰው የሆነ ጎረቤቴ አስቤዛውን መሬት ላይ ጥሎ ሊያግዘኝ መጣ። እስከ ላይ ድረስ እየገፋ ዓይኑን ከጋሽ ተሰማ ላይ አላነሳም። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ያስጨንቀኝ ጀመር። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ይሆን? ጣት ጎድሏቸው ይሆን? መርማሪዋ ነኝና ብርጭቆውን እስከ አፉ ሻይ ሞልቼ፣ ትኩሱን አቀረብኩላቸው። እጃቸውን አወጡና ብርጭቆውን በሁለት ጣት ያዙት። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም፤ አሥሩም ጣት አለ። ሻዩን ጨርሰው ብርጭቆውን መለሱልኝና እጃቸውን መልሰው ከተቱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አልቻልኩም፤ ጠየቅኳቸው።

"ተገዝቼ ነው" አሉኝ።

የገዘቷቸው ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ጋሽ ተሰማ የደንበኛ ሞተር ሲሞክሩ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ እትዬ አስካለ የአራት ወር ሕፃን ታቅፈው መጡና አልጋው አጠገብ ቆመው፣ "በማርያም ገዝቼሃለሁ፣ ሁለተኛ እጅህ ሞተር ሳይክል እንዳይነካ" አሏቸው። ጋሽ ተሰማ ጋራዡን ዘጉ፣ ቀይዋን ሸጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ዳር በቆመ ሞተር ሳይክል በኩል ሲያልፉ እንኳ ሳያስቡት እንዳይነኩ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ኮቱም ለዚሁ ነው። "ምላሴ ግን አልተገዘተም" ብለው ፈገግ አሉ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ፤ ምርመራው ሰኞ ነው። ሞተሯ ትነሳለች፤ ግን አራቱ ሲሊንደሮች አልተስማሙም። ትንፈራገጥና ትጠፋለች፤ እየጠፋች ደግሞ ምርመራ አታልፍም። አራቱ ካርቡሬተሮች አየር እኩል እንዲስቡ ማስተካከል ነበረብን። ለዚህ የሚሆን መለኪያ አለ፤ እኔ ግን የለኝም፤ የመግዣውም አልነበረኝም።

ጋሽ ተሰማ ድሮ የሚያስተካክሉት በመዳፋቸው ነበር። ኢንጂኑ እየሠራ መዳፍን በየካርቡሬተሩ አፍ ላይ አስጠግቶ የትኛው በርትቶ እንደሚስብ፣ የትኛው እንደሚለግም ማወቅ ነው። ይህን ደግሞ በአፍ ማስተማር አይቻልም። ሞከርን።

"አንደኛው እንዴት ነው?" ይሉኛል።

"ይስባል።"

"ምን ያህል?"

"እንዴት ልበልዎት፣ ጋሼ? ደህና አድርጎ ይስባል።"

"ሦስተኛውስ?"

"እሱም ደህና አድርጎ ይስባል።"

ሦስት ሰዓት እንዲህ ቆየን። እሳቸው የሚሉኝን ብሎን አዞራለሁ፤ ሞተሯ ከበፊቱ ትብሳለች። መዳፌ ቀልቶ ምንም የማይሰማኝ ሆነ። የኮታቸው ኪስ ውስጥ ጣቶቻቸው ብሎን እንደሚያዞር ሰው ሲንቀሳቀሱ ይታየኛል። ደክሞኝ ነበር፣ ተናድጄም ነበር፤ ሰኞ ካላለፈች ልትወሰድብኝ ነው። ያን ጊዜ ነው ያልሆነ ነገር ከአፌ ያመለጠኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢነኩልኝስ? እትዬ አስካለ አያዩም እኮ።"

ጋሽ ተሰማ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ለመታየት መስሎሽ ነው?" አሉኝ በዝግታ። ከዚያ "ደህና ዋዪ ልጄ" ብለው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዱ። ሁልጊዜ የሚጠጡትን ሻይ እንኳ አልጠጡም።

እኔ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ሞተሯን ረሳኋት ማለት ውሸት ነው፤ እሷም ታሳዝነኝ ነበር። ግን ያፈርኩት በራሴ ነው። ሰው ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን ቃል ለአንዲት አሮጌ ብረት ብዬ እንዲያፈርስ መገፋፋቴ አንገበገበኝ። ወደ ማታ አላስችል ሲለኝ ይቅርታ ልጠይቃቸው መጀመሪያ በደወሉልኝ ቁጥር ደወልኩ። የቤት ስልክ ኖሯል። ያነሱት እትዬ አስካለ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱን የሠራሁት። የገዘተ ሰው መቼም የገዘተውን ያውቃል ብዬ፣ ጋሽ ተሰማም የት እንደሚውሉ ነግረዋቸው ይሆናል ብዬ፣ በቀጥታ እሳቸውን ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል ብዬ አሰብኩ። "እትዬ፣ ሕይወት እባላለሁ፤ ጋሽ ተሰማ ሞተር ሳይክሌን በምክር እያገዙኝ ነበር። እርስዎ የገዘቷቸውን እንዲያፈርሱ ዛሬ ተናግሬ አስቀየምኳቸው። እሳቸው ግን በእግዜር ስም፣ አንዴም አልነኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

ከጀርባ ቴሌቪዥን ይሰማኛል።

"ሞተር ሳይክል?" አሉ። "እኔን ያለኝ አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ አግዛለሁ ነው።" ቴሌቪዥኑን ሲያጠፉት ሰማሁ። "ግዝት አልሽ?"

"አዎ እትዬ።"

"የሞባይሌን ቁጥር ያዢና አድራሻሽን ቴክስት አድርጊልኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን። ለሱ ምንም እንዳትዪው።" ብለው ዘጉት።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አስቡት። የሰው ትዳር ውስጥ ገብቼ ምስጢር አወጣሁ ብዬ ስገላበጥ አደርኩ። እትዬ አስካለ የሚናገሩኝን ሁሉ በሐሳቤ ስሰማው ነጋ።

እሑድ በስድስት ሰዓት ግድም መጡ። እትዬ አስካለ አጠር ያሉ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ያቀፉ ሴት ናቸው። ጋሽ ተሰማ ከኋላ ናቸው፤ ወዴት እንደሚሄዱ የገባቸው የእኛ ሕንፃ ጋ ሲደርሱ ይመስለኛል፤ እጃቸው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሞተሯን ከጠዋቱ ወደ ላይ አውጥቻት ነበር። እትዬ አስካለ ሰላምታዬን ተቀብለው፣ ሞተሯን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

"ተሰማ፣ እኔ ነኝ የገዘትኩህ?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"ሆስፒታል ነዋ። እግሬ በጀሶ ተጠቅልሎ። ማርታን ታቅፈሽ።"

"ምን ብዬ?"

ጋሽ ተሰማ ቃል በቃል ነገሯቸው። እትዬ አስካለ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ቁጣው መጣ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"አላስታውስም" አሉ።

አንዲት ሴትዮ ቆሻሻ ልትጥል መጥታ አየችንና ከረጢቷን ገንዳው አጠገብ አስቀምጣ ተመለሰች።

"በእመቤቴ፣ አንዲቷንም ቃል አላስታውስም" አሉ እትዬ አስካለ። "ሦስት ሌሊት አልተኛሁም ነበር፤ ወተቴ ደርቆ ነበር። ምን እንዳልኩ እኔ የት አውቄ። እኔ የመሰለኝ ፈርተህ የተውከው ነው።"

"ፈርቼ?"

"ወድቀህ ፈራህ፣ ፍርሃቱ አልለቅ አለህ ብዬ ነው የማስበው። ፈራህ ብዬ እንዳላሳፍርህ ዝም አልኩ። ቴሌቪዥን ላይ ሞተር ሳይክል ሲመጣ ቻናሉን የምቀይረው ለምን መሰለህ?"

"እኔማ ንዴቱ እስከ ዛሬ ስላልወጣልሽ መስሎኝ" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"ለምን አልጠየቅከኝም? አንድ ቀን እንኳ አስካለ ፍቺኝ አትለኝም?"

"የገዘትሽው አንቺ፣ ምን ብዬ ልለምንሽ? ስትወጂ ትፈቺኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ።"

"ሠላሳ ዓመት?"

"ሠላሳ ዓመት።"

እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልሂድ ብዬ ስንቀሳቀስ እትዬ አስካለ በእጃቸው ቆሚ አሉኝ። ቦርሳቸውን ሞተሯ ወንበር ላይ አስቀመጡ። ባለቤታቸው ፊት ቆሙና፣ "በማርያም ፈትቼሃለሁ፤ ያልኩትንም ያላልኩትንም ቃል ፈትቼሃለሁ" አሏቸው። ጋሽ ተሰማ አልተንቀሳቀሱም። "ቄስ መጠየቅ አለበት እንዴ?" አሉ፤ የምራቸውን ነው። "ቄሱ መች ገዘቱህ?" አሉና እትዬ አስካለ ራሳቸው እጃቸውን የባላቸው ኪስ ውስጥ ከተው የእሳቸውን ቀኝ እጅ ይዘው አወጡት።

ጋሽ ተሰማ ንጹሕ እጃቸውን ኮታቸው ላይ ጠረጉ። ከዚያ ኮቱን አወለቁ። ሞተሯን አስነሳኋት። በግራ እጃቸው ካቻቪቴ ይዘው፣ ቀኝ መዳፋቸውን አንደኛው ካርቡሬተር አፍ ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ተመለሱ። ብሎኑን ዞር አደረጉት፤ ማዞራቸውንም ዓይኔ በደንብ አልያዘውም። ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆዩ። ስትንፈራገጥ የነበረችው ሞተር ቀስ በቀስ ረጋች፤ አራቱም እኩል ይሠሩ ጀመር። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እኔ ካርቡሬተሩን ነበር የማየው፤ እትዬ አስካለ ግን የባላቸውን ፊት ብቻ ነበር የሚያዩት።

ሳሙና ላምጣ ብላቸው ጋሽ ተሰማ አልፈለጉም። በግራሶ የጠቆሩ እጆቻቸውን እንደያዙ ወደ ፌርማታው ሸኘኋቸው። ኮታቸውን እትዬ አስካለ ይዘውላቸዋል። ጋሽ ተሰማ አውቶቡሱ መምጣቱን ለማየት ራቅ ሲሉ እትዬ አስካለ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ ሌላስ ምን ብዬው ይሆን?" አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። እሳቸው ረስተውት ጋሽ ተሰማ ግን ዛሬም የሚጠብቁት ሌላ ቃል ይኖር ይሆን ማለታቸው እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። "ይጠይቋቸዋ፣ እትዬ" አልኳቸው።

"እፈራለሁ" አሉኝ። አውቶቡሱ መጣ።

ሰኞ ሞተሯ ምርመራውን አለፈች፤ በሳምንቱ ሰሌዳ ለጠፍኩላት። አሁን ሥራ የምሄደው በሷ ነው። ጠዋት ጠዋት ተነስታ ስትረጋ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ግን ደስታዬ ይቀላቀልብኛል። በአንዲት የተረሳች ቃል የባከነው ሠላሳ ዓመት ያንገበግበኛል። እኔ ባልቆፍረው እንዲያው ተከባብረው ሊሞቱ ነበር እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ያን ዕዳ ባላሸከማቸው ይሻል ነበር ይሆን እላለሁ። ወራት ሙሉ ልደውልላቸው እያልኩ ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት ደፍሬ ደወልኩ። እትዬ አስካለ አነሱ። ጋሽ ተሰማ ጎረቤት ጋራዥ ውስጥ የሰው ሞተር ፈተው ተቀምጠዋል አሉኝ። እየፈራሁ "ጠየቋቸው?" አልኳቸው።

"ጠየቅኩት" አሉኝ። "ማታ ማታ ቁጭ ብለን የተረሳ ቃል እንፈልጋለን። እስካሁን ሦስት አግኝተናል። ሁለቱ የሱ ቃል ነው፤ አንዱ የኔ።"

ምን ምን እንደሆኑ አልነገሩኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሞተሯ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።